ከስንቅ እስከ ምሳ ዕቃ፦ የተማሪ ምሳ ያለፈበት መንገድ

ንጋት 11 ሰዓት ላይ በአዲስ አበባ የብዙ ቤቶች ማዕድ ቤት መብራት ይበራል። ፓስታው ይቀቀላል፣ እንቁላሉ ይጠበሳል፣ ሩዙ በአትክልት ይሠራል። 12 ሰዓት ላይ ሁሉም በትኩሱ ምሳ ዕቃ ውስጥ ይገባል፤ ክዳኑ ይገጠማል፤ ልጁ ሰርቪስ ይሳፈራል። ምሳው የሚበላው 6 ሰዓት ላይ ነው። በመካከል ያለው ስድስት ሰዓት ጠባቂ የለውም። እናት አታየውም፣ አስተማሪ አይጠይቅም።

ይህ ስድስት ሰዓት ግን የራሱ ታሪክ አለው።

ኢትዮጵያዊ ከቤቱ ርቆ መብላት የጀመረው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲከፈት አይደለም። ሲራራ ነጋዴውም ዘማቹም ስንቁን ቋጥሮ ይወጣ ነበር። በጥቅምት 1888 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በየካቲት ዓድዋ ላይ የተዋጋው ሠራዊት ማቀዝቀዣ አልነበረውም። የዚያ ዘመን መንገደኛ ስንቅ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽና ቋንታ ነበር። የቆሎ ተማሪውም በአኩፋዳው የሰበሰበውን ቁራሽ እንጀራ አድርቆ ያቆይ ነበር። እነዚህን ምግቦች ሁሉ አንድ ነገር ያገናኛቸዋል፤ እርጥበት የላቸውም። ምግብ የሚያበላሹ ተህዋስያን ደግሞ ያለ እርጥበት አይራቡም። የጥንቶቹ ባልትና አዋቂዎች ባክቴሪያ የሚባል ስም ሳይሰሙ መልሱን አግኝተውታል።

እርጥቡም ምግብ ቢሆን መከላከያ ነበረው። እንጀራ በእርሾ ስለሚቦካ አሲድ አለው፤ ያ መምጠጡ ብዙዎቹን ጎጂ ተህዋስያን ያግዳል። ወጥ ያለበት አገልግል ደግሞ ለቅርብ መንገድና ቶሎ ለሚበላ ምሳ ነበር። ሕጉ አጭር ነው፦ ደረቁ ለሩቅ፣ እርጥቡ ለቅርብ።

ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ ዘመናዊው ትምህርት ቀስ በቀስ ተስፋፋ። ለረጅም ጊዜ ብዙ የከተማ ተማሪ በምሳ ሰዓት ቤቱ ሄዶ፣ ከምድጃ የወጣውን በልቶ ይመለስ ነበር። ከዚያ ከተማው ሰፋ፣ ትምህርት ቤቱ ራቀ፣ እናትም አባትም ሥራ ውለው መግባት ጀመሩ። ምሳ ዕቃ የመጣው ይህን ክፍተት ሊሞላ ነው። ግን ይዞት የሚሄደው በሶና ቆሎ ሳይሆን ፓስታ፣ ሩዝ፣ እንቁላልና ሥጋ ሆነ። የቀድሞው ሕግ ተገለበጠ፤ እርጥቡ ምግብ ረጅሙን ሰዓት እንዲጓዝ ተደረገ።

ዕቃውም ቢሆን ችግሩን ለመፍታት ተብሎ አልተስፋፋም። ሙቀትን የሚጠብቀው ፔርሙዝ መነሻው ቤተ ሙከራ ነው። ሳይንቲስቱ ጄምስ ዴዋር እ.ኤ.አ. በ1892 የሠራው በጣም የቀዘቀዙ ጋዞችን ለማቆየት ነበር። የልጆች ምሳ ዕቃ ገበያ የደራው ግን በሌላ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 አላዲን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሆፓሎንግ ካሲዲ የተባለውን የቴሌቪዥን ካውቦይ ሥዕል ምሳ ዕቃ ላይ ለጥፎ እጅግ ብዙ ሸጠ። ከዚያ ወዲህ ልጆች ምሳ ዕቃቸውን የሚመርጡት በሥዕሉ ነው። መርካቶም ዛሬ ከዚህ አይለይም።

ማቀዝቀዣ በየቤቱ ባለበት በአሜሪካም ቢሆን ጉዳዩ አልተፈታም። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት በቴክሳስ የሕፃናት መዋያዎች ከ700 በላይ ምሳዎች ተለክተው ነበር። በቀላሉ ከሚበላሹት ምግቦች መካከል በተገቢው ሙቀት ላይ የተገኙት ከ2 በመቶ በታች ነበሩ። በረዶ የተጨመረባቸውም አብዛኞቹ ሞቀው ተገኝተዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የበሰለ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ በክፍል ሙቀት እንዳይቆይ ይላል። አደገኛው ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ነው፤ ማለትም ለብ ያለው። በትኩሱ የተከደነ ምሳ ዕቃ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ጠዋቱን ሙሉ እዚያው ውስጥ ይቆያል። ሁኔታው ከተመቻቸው አንዳንድ ባክቴሪያዎች በ20 ደቂቃ እጥፍ ይሆናሉ። በዚህ ስሌት አንዷ በስድስት ሰዓት ከ260 ሺህ በላይ ትሆናለች። በሩዝና በፓስታ ላይ የሚገኘው ባሲለስ ሰሪየስ ደግሞ ዘሩ ከመፍላት ይተርፋል፤ የሚያስመልሰው መርዙም አንዴ ከተፈጠረ ምግቡን መልሶ በማሞቅ አይጠፋም።

ልጁ ከሰዓት በኋላ ሲያስመልሰው ግን «ብርድ መቶት ነው» ይባላል። ምሳ ዕቃው ታጥቦ፣ በማግስቱ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ምግብ ይሞላል።

በ2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መንግሥት ትምህርት ቤቶች የተጀመረው የከተማ አስተዳደሩ የምገባ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከረሃብ አንጻር ነው። ሌላም ጥቅም አለው፤ ምግቡ እዚያው በስሎ እዚያው ሲበላ ስድስቱ ሰዓት ያጥራል። እርግጥ የጋራ ማዕድ ቤትም ጥንቃቄ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1996 በጃፓን ሳካይ ከተማ ከትምህርት ቤት ምሳ ጋር በተያያዘ የኢ. ኮላይ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ታመዋል። ምሳ ዕቃ በሚያስይዙት ትምህርት ቤቶች ግን ጣጣው ሙሉ በሙሉ የተጣለው እናት ላይ ነው።

እሷ የምትችለው አለ። ምግቡን በትኩስነቱ ለማቆየት፣ ፔርሙዙን ቀድሞ በፈላ ውሃ አሙቆ የሚፋጅ ምግብ መጨመር ነው። ቀዝቃዛ እንዲሆን ከተፈለገ ማታ ሠርቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድሮ፣ ጠዋት በረዶ ከሆነ የውሃ ላስቲክ ጋር መላክ ነው። መብራት በጠፋበት ቀን ወይም ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ደግሞ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ሙዝ አያሳፍሩም። ትምህርት ቤቱም ድርሻ አለው። ምሳ ዕቃ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ሥር መደርደር የለበትም። ጥላ ያለው ክፍል፣ ቢቻል ማቀዝቀዣ፣ የእጅ መታጠቢያ ውሃና ሳሙና፣ ለትንንሾቹም ቀደም ያለ የምሳ ሰዓት ያስፈልጋል። በየዓመቱ ክፍያ የሚጨምር ትምህርት ቤት ይህን አይችልም ማለት ይከብዳል።

የጥንቱ መንገደኛ ስንቁን ከመቋጠሩ በፊት የመንገዱን ርዝመት ይጠይቅ ነበር። የዛሬው ተማሪ መንገድ በኪሎ ሜትር አጭር ነው፤ የምሳው መንገድ ግን ስድስት ሰዓት ነው። የሚቋጠረውም በዚያው ልክ መሆን አለበት።