ስለ ኮርቻ ጽዳትና ስለ ፋቂ ስም

የፈረስ ላብ ጨው ያለበት ስለ ሆነ፥ ከኮርቻው ሥር ሳይወገድ ከሰነበተ ይከረፋል። በቀድሞው ዘመን ከሥር የሚነጠፈው ጨርቅ እንደ ሸማ ሁሉ በእንዶድ ይታጠብ ነበር፤ የደረቀው ፍሬ ተወቅጦ በውሃ ሲታሽ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣልና። ቆዳው ግን አረፋውን አይወድም፤ ቅባቱን አጥቦ ስለሚወስድበት ይሰነጠቃል። ስለዚህ በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሎ፥ በጥላ ደርቆ፥ ስብ ይቀባል።

የቆዳን ጠባይ ከሁሉ ይልቅ የሚያውቀው ያለፋው ሰው፥ ፋቂ የተባለው ነበር። ዳሩ ግን ነገሥታቱ «አባ ታጠቅ»፥ «አባ ዳኘው» እየተባሉ በፈረሳቸው ስም ሲወደሱ፥ እርሱ በቆዳው ጠረን ይናቅ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ (አባ ዳኘው የተባሉት እርሳቸው ናቸው) በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከለከሉ። «ፋቂ» የሚለው ቃል ግን ከአዋጁም በኋላ ስድብ ሆኖ ቆየ።