ማሽን ሲዘፍን እኛስ?

በነቀምቴ፥ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ ከተሞች ዛሬ ሠርግ ሲደገስ የድምፅ ማጉያ መከራየት ተለምዷል። ሙሽሪትን የሚሸኙት ልጃገረዶች አፋቸውን ሳይከፍቱ ማጉያው ቀድሞ ይጮኻል፤ እነርሱም ዝም ብለው ይሰማሉ። ይህ ነገር ያሳስበኛልና በታሪክ ልመረምረው ወደድሁ። ዓመታቱን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ችግሩ በእኛ አልተጀመረም። በ1927 ድምፅ ያለው ፊልም በአሜሪካ ከታየ በኋላ፥ በየሲኒማ ቤቱ ድምፅ የሌለውን ፊልም በሙዚቃ ያጅቡ የነበሩ ብዙ ሺህ ሙዚቀኞች እንጀራቸውን አጡ። በ1942 የሙዚቀኞች ማኅበር «ሸክላ አንቀርጽም» ብሎ አድማ መታ። ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ኩባንያዎቹ ለሙዚቀኞች መርጃ ገንዘብ ሊከፍሉ ተስማሙ፤ ሸክላው ግን አልቆመም።

የእኛም ሰው ኃይሉ መርጊያ፥ የዋሊያስ ባንድ ባልደረባ የነበረው፥ በ1985 በዋሽንግተን ካሴት ሲቀርጽ ጓደኞቹ አብረውት አልነበሩም። የከበሮ መቺውን ሥራ ለማሽን ሰጠው፤ አኮርዲዮኑን ግን ራሱ ተጫወተ። ማሽኑ የጠቀመው ዜማው አስቀድሞ በጣቶቹ ስለ ነበረ ነው።

ከዚህ የሚበልጠውን ምሳሌ ግን ከነቀምቴ መምህራን መካከል እናገኛለን። አስቴር ጋኖ በልጅነቷ ለባርነት ተዳረገች። በ1886 ባሕር ተሻግራ ልትወሰድ ስትል የጣሊያን መርከብ አስጥሎ በምጽዋ አጠገብ ወዳለው ወደ እምኩሉ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት አደረሳት። ከአገሯ መጽሐፍ ወይም ሸክላ ይዛ አልመጣችም። ሆኖም 500 ያህል የኦሮሞ ዘፈኖችን፥ ተረቶችን፥ ምሳሌዎችንና እንቆቅልሾችን ከቃሏ ጻፈች። ከእነዚህም ከፊሉ፥ ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ባዘጋጀችው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ በ1894 ታተመ። በ1904 ሁለቱም ወደ ነቀምቴ መጥተው አስተማሩ።

እንግዲህ የማተሚያ መኪናም ማሽን ነው፤ ዘፈኑንም አልጎዳም፥ እንዲያውም ጠበቀው። ነገር ግን ሊጠብቅ የቻለው አንዲት ልጅ በቃሏ ያኖረችውን ነው። በልጅነቷ ሌሎች ሲዘፍኑ ቆማ ከማየት በቀር ድርሻ ባይኖራት ኖሮ፥ ከቤቷ በተነጠቀች ጊዜ ዘፈኑም አብሮ በተነጠቀ ነበር።

ማጉያው ጥቅም የለውም አልልም። የሞተን ዘፋኝ ድምፅ ያሰማል፤ ድሀውም በጥቂት ገንዘብ ይደሰትበታል። ሆኖም የሙሽሪትን አባት በስሙ ጠርቶ አያመሰግንም፤ ሚዜውን አይተርብም፤ ተቀባዮቹ ቢደክሙ ዜማውን አይለውጥላቸውም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው፥ ይህን ሀብት ርካሽ አድርገን የምናየው ገና በእጃችን ስላለ ነው።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፥ በሠርግ ቀን የልጃገረዶቹ ተራ ሲደርስ ማጉያው ይዘጋ። ከአያቶቻችሁም አንድ አንድ ዘፈን በቃላችሁ ተማሩ፤ ተቀባይ ሁናችሁ ዝፈኑት፤ ከዚያ በኋላ በስልካችሁ ቅረጹት። ቅደም ተከተሉን ብቻ አትገልብጡ።