የመታሰቢያ ገንዘብና የታሪክ ምስክርነቱ

በጂቡቲ ከተማ በካርቲየ 4 የሚያስተምር መምህር ስለ ገንዘብ ታሪክ ለመናገር ቢያስብ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ሕፃን ለሱቅ ይዞት የሚወጣው የ20 ፍራንክ ሳንቲም ይበቃዋል። ባንድ ገጹ የሸራ ጀልባና ታላቅ መርከብ ባንድነት ይታያሉ። ይህ ሥዕል በ1952 እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር፣ አገሩ የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ ይባል በነበረበት ዘመን የወጣ ነው። በ1967 ስሙ የአፋርና የኢሳ ግዛት ሲባል፣ በ1977ም አገሩ ነጻ ሪፑብሊክ ሲሆን፣ የፊተኛው ገጽ ተለወጠ እንጂ መርከቦቹ ከቦታቸው አልተነሡም።

ለመታሰቢያ ተብሎ የሚመታው ገንዘብ ግን ጠባዩ ሌላ ነው፤ ከገበያ ይልቅ ለሣጥን የተዘጋጀ ነውና። በ1964 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ባለ5 ብር የሆኑ የብር ገንዘቦች ባወጣ ጊዜ፣ የዐፄ ቴዎድሮስና የዐፄ ዮሐንስ መልክ ተቀርጾባቸው ነበር። ሰብሳቢዎች ይወዷቸዋል፤ መውደዳቸውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ተማሪ ይህን አይቶ፣ ሁለቱ ነገሥታት በስማቸው ገንዘብ አስመትተው ነበር ብሎ እንዳይሳሳት መጠንቀቅ ያሻል። በዘመናቸው ሲሠራበት የነበረው የአሞሌ ጨውና የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ነበር። ንግሥቲቱ በሞተችበት በ1780 ዓመት ቍጥር ሳይለወጥ ሲመታ የኖረውን ይህን ብር፣ ባላገሩ በልብሷ ጌጥ ላይ ያሉትን የዕንቍ ፍሬዎች እየመረመረ ይቀበለው ነበር።

ከአክሱም ነገሥታት በኋላ ይህን ልማድ ለመለወጥ የተነሡት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። (የሐረር አሚሮች ያስመቷቸው ጥቃቅን ሳንቲሞች ለብቻቸው የሚታዩ ናቸው።) ኢጣልያ ከ1890 ጀምሮ ለኤርትራ ገንዘብ ስታወጣ፣ በታላቁ ብር ላይ የንጉሥ ኡምቤርቶን ዘውዳዊ መልክ አስቀርጻ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ደግሞ በ1893 የራሳቸው ገንዘብ እንዲወጣ ዐወጁ፤ በዚያው ዓመት የውጫሌን ውል ማፍረሳቸውን ለኤውሮጳ መንግሥታት አስታወቁ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት መደረጋቸው እንዲያው የአጋጣሚ ጉዳይ አይመስለኝም። ገንዘቡ በፓሪስ ተመትቶ «1887» የሚል ዓመተ ምሕረት ተጻፈበት፤ ይህም የዐድዋ ድል ከመሆኑ በፊት ነው። ስለዚህ ለመታሰቢያ ያልተመታው ይህ ብር፣ በእኔ አስተያየት፣ ከመታሰቢያዎቹ ሁሉ ይበልጥ ታሪክን ይመሰክራል።

ለመለየት የሚፈልግ ሰው አንበሳውን ይመልከት። በ1887ቱ ብር ላይ የተነሣው የፊት እግሩ ግራው ሲሆን፣ በ1892ቱ ላይ ግን ቀኙ ነው።

ሕዝቡ ግን ለብዙ ዘመን የለመደውን ጠገራ መረጠ። የማርያ ቴሬዛ ብር ክብደት 28 ግራም ያህል በመሆኑ አንጥረኛው ሚዛኑን በእርሱ ይለካ ነበር፤ አንዱ ብር አንድ ወቄት ነውና። አንጥረኛው ብሩን እያቀለጠ መስቀልና አልቦ አደረገው። ዛሬ አንድ ሰብሳቢ ከአያቱ ሣጥን ጠገራ ሲያጣ፣ በአያቱ አንገት ላይ ያለውን መስቀል ቢመዝን ከዚያ ያገኘው ይሆናል።