ከታላላቅ ድርሰቶች የእንግሊዝኛ ቃላትን የመማር ልማድና የዳካው ሙከራ

እንግሊዝኛ በሁለተኛ ቋንቋነት በተስፋፋባቸው አገሮች፣ ከፍ ያሉ ቃላትን ለመማር ዋነኛው መንገድ የታላላቅ ደራስያንን ሥራ ማንበብ ነው የሚለው እምነት ለረጅም ዘመን ሲሠራበት ኖሯል። ሼክስፒርን፣ ሚልተንን ወይም ዲከንስን ያነበበ ተማሪ የቋንቋውን ጥልቅ ቃላት ያገኛል፤ ያላነበበ ግን ከገበያና ከጽሕፈት ቤት ቋንቋ አያልፍም ይባል ነበር። እምነቱ ከየት እንደ መጣና በምን እንደ ተፈተነ መመርመር የቋንቋ መምህራንን የሚጠቅም ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እምነቱ ሥር የሰደደው በከፊል በመዝገበ ቃላት አማካይነት ነው። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 በሁለት ትላልቅ ቅጾች ያሳተመው መዝገበ ቃላት 42,773 ቃላትንና 114,000 ገደማ ጥቅሶችን ይዞ ወጣ። ጆንሰን መጻሕፍቱን እያነበበ የሚፈልገውን ቃል ያሰምርበታል፤ የቃሉንም የመጀመሪያ ፊደል በኅዳጉ ላይ ይጽፋል፤ ከዚያም ረዳቶቹ ጥቅሱን በቁራጭ ወረቀት ላይ ይገለብጣሉ። አዘውትረው ከተጠቀሱት መካከል ሼክስፒር፣ ሚልተንና ድራይደን ይገኛሉ። በዚህም አሠራር የቃል ሥልጣን ምንጩ የታላቅ ደራሲ አጠቃቀም ሆነ። ሥራው ለሊቃውንት የማይነጥፍ ሀብት መሆኑ አያጠራጥርም፤ ለጀማሪ ግን ሌላ ነው። ጆንሰን የመረብን ሥራ የመሰለ ቀላል ነገር የፈታው፣ ከተፈታው ቃል ይልቅ እጅግ በከበዱ የላቲን ዘር ቃላት ነበር። አንድ ቃል ሊፈልግ የሄደ ተማሪ ሦስት አዳዲስ ችግሮች ተሸክሞ ይመለሳል። (ጆንሰን ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። የኢየሱሳዊውን የዠሮኒሞ ሎቦን የጉዞ መጽሐፍ በ1735 ወደ እንግሊዝኛ የመለሰ፣ በ1759ም ራስላስን የደረሰ እሱ ነው፤ ራስላስንም ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል።)

ልማዱ በሕንድ የጸናው በመንግሥት ውሳኔ ነው። ቶማስ ማኮሌይ በ1835 ባቀረበው ማስታወሻ የመንግሥት የትምህርት ገንዘብ ለእንግሊዝኛ ትምህርት እንዲውል ተከራከረ፤ ሐሳቡም ተቀባይነት አገኘ። የካልካታ ዩኒቨርሲቲ በ1857 ከተመሠረተ በኋላ ደግሞ የመግቢያው ፈተና የትምህርት ቤቶችን ሥራ ወደ ራሱ ሳበ። ተማሪው የተመደበለትን ምንባብ ከነማብራሪያው በቃሉ ያጠናል፤ ያጠናውንም በፈተና ወረቀት ላይ ይመልሳል። ፈተናውን ያለፈው መንግሥታዊ ሥራ ያገኝበታል። ከመንገድ የቀረው ግን ከሁሉም ይበዛ ነበር፤ ስለ እሱ የጠየቀም ጥቂት ነው።

ከጠየቁት አንዱ በዳካ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ይመራ የነበረው እንግሊዛዊው ማይክል ዌስት ነው። ዌስት በ1926 በታተመው፣ የቤንጋልን የሁለት ቋንቋ ትምህርት በመረመረበት ሥራው፣ አንድ ሐሳብ ከመድን ንግድ ተዋሰ። የሕይወት መድን ውሉን ሳይፈጽም ያቋረጠ ሰው ከከፈለው ገንዘብ የተወሰነው ይመለስለታል። እንግሊዝኛን ሦስት ወይም አራት ዓመት ተምሮ ትምህርት ቤቱን ለሚተው የገበሬ ልጅስ ምን ይመለስለታል? በቃል የተጠና የቅኔ ምንባብ ከጥቂት ወራት በኋላ ይጠፋል። ብቻውን መጽሐፍ ከፍቶ መረዳት የቻለ ልጅ ግን ትምህርቱን በየትኛውም ዓመት ቢያቋርጥ የሚቀረው ነገር አለ። የዌስት ፍርድ ስለዚህ ንባብ ይቅደም የሚል ነበር።

በዚህ ዐይን የዘመኑን የንባብ መጻሕፍት ሲመረምር ሁለት ጉድለት አገኘ። አንደኛው፣ ተማሪው በሕይወቱ እምብዛም የማያገኛቸው ያረጁ የሥነ ጽሑፍ ቃላት መብዛታቸው ነው። ደሴትን ለማለት «አይል»፣ «ከዚህ በፊት» ለማለት ደግሞ «ኢር» የሚሉት ዐይነቶች በዘወትር ቃላት ተተኩ። ሁለተኛው የበለጠ ክብደት ነበረው፤ ይኸውም አዳዲስ ቃላት ተጠጋግተው ስለሚመጡ፣ አንዱ ሳይደላደል ሌላው ይደርስበታል። ዌስት እያንዳንዱ አዲስ ቃል በሚታወቁ ቃላት መካከል ተራርቆ እንዲገባና ደጋግሞ እንዲመጣ አደረገ። እንደ ስቲቨንሰን ትሬዠር አይላንድ ያሉ የታወቁ ታሪኮችም በተወሰኑ ቃላት እንደገና ተጻፉ።

የትኞቹ ቃላት ይመረጡ ለሚለው ጥያቄ ያን ጊዜ ዋነኛው መሣሪያ አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1921 ያወጣው የ10,000 ቃላት ዝርዝር ነበር። ብዙ ጊዜ የማይነሣ ነገር አለ፤ ቶርንዳይክ ከቆጠራቸው 4 ሚሊዮን ተኩል ያህል ቃላት ውስጥ 3 ሚሊዮን ገደማው የተወሰደው ከመጽሐፍ ቅዱስና ከእንግሊዝኛ ታላላቅ ድርሰቶች ነው። ከታላላቅ ድርሰቶች ጫና ለመላቀቅ የተያዘው ሚዛን ራሱ ባብዛኛው ከእነሱ የተሠራ ነበር። ዌስትና ሌሎች ጠበብት በ1934 በኒው ዮርክ ተሰብስበው ተወያዩ፤ ሥራውም ቀጥሎ በ1953 የዌስት የ2,000 ገደማ መሠረታዊ ቃላት ዝርዝር ታተመ።

ታላቅ ድርሰትን በጥቂት ቃላት መልሶ መጻፍ ድርሰቱን መግደል ነው የሚለው ተቃውሞ በከፊል እውነት አለው። የቀለለው ትሬዠር አይላንድ ታሪኩን እንጂ የስቲቨንሰንን አነጋገር አይሰጥም። ሆኖም ተቃዋሚዎቹ ዋናውን መጽሐፍ ማን ሊያነበው እንደሚችል አልቆጠሩም። ከአምስት ቃላት አራቱን ብቻ የሚያውቅ አንባቢ 300 ቃላት ባሉት ገጽ ላይ 60 ጊዜ ይደናቀፋል። እንዲህ ያለው ሥራ ንባብ ሳይሆን ፍለጋ ነው።

ጉዳዩ በኋላ በፈተና ተለካ። በ1978 የታተመ የሳራጊ፣ የኔሽንና የማይስተር ጥናት፣ በእንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱ አዋቂዎች አንቶኒ በርጀስ አብዛኛውን ከሩሲያኛ ወስዶ የፈጠራቸውን ቃላት የያዘ ልብ ወለዱን ካነበቡ በኋላ፣ ሳይነገራቸው በ90 ቃላት ሲፈተኑ በአማካይ 76 በመቶ እንደመለሱ አሳየ። ውጤቱ የቀድሞውን እምነት የደገፈ መሰለ። በ1989 ግን ፒትስና ባልደረቦቿ እንግሊዝኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የሚማሩ አዋቂዎችን የዚሁኑ መጽሐፍ መጀመሪያ ምዕራፎች አስነብበው ሲፈትኑ፣ የተገኘው ከ6 እስከ 8 በመቶ ገደማ ነበር። እነዚህኞቹ ያነበቡት ከፊሉን ብቻ ስለሆነ ንጽጽሩ ፍጹም አይደለም። ቢሆንም በዙሪያው ያሉት ቃላት ለመጀመሪያዎቹ አንባቢዎች ሁሉ የታወቁ፣ ለኋለኞቹ ግን ብዙዎቹ ያልታወቁ መሆናቸው የልዩነቱ ዋና ምክንያት ይመስላል።

ፖል ኔሽን በ2006 ስሌቱን በልብ ወለዶች ላይ አደረገው። ያለ ረዳት ለማንበብ ከመቶ ቃላት 98ቱን ማወቅ ያስፈልጋል ተብሎ ቢወሰድ፣ አንባቢው ከ8,000 እስከ 9,000 የቃል ቤተሰቦች ሊያውቅ ይገባዋል። ከቆጠራቸው መጻሕፍት አንዱ የጆሴፍ ኮንራድ ሎርድ ጂም ነው። ኮንራድ በፖላንድኛ አፉን የፈታ፣ በ1878 በ20 ዓመቱ እንግሊዝ አገር የደረሰ መርከበኛ ነበር። በ1882 መርከቡ በፋልማውዝ ወደብ ስትጠገን፣ የሠራተኞች መዶሻ እየጮኸ፣ በአምስት ሽልንግ የገዛውን የሼክስፒር ሙሉ ሥራ ያነብ እንደ ነበር ኋላ ራሱ ጽፏል። ሼክስፒርን አስቀድሞ በልጅነቱ በአባቱ የፖላንድኛ ትርጉም ያውቀው ነበር። በእንግሊዝ መርከቦች ላይም አገልግሎ፣ የሁለተኛ መኮንንነት ፈተናውን በ1880 በእንግሊዝኛ አልፏል። ሎርድ ጂም የታተመው ከዚያ ንባብ 18 ዓመት በኋላ፣ በ1900 ነው።