ድካም የዘጋው ምግብ፦ ከወንጂ አገዳ እስከ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼም፣ ዛሬ ስለ ሆድ ታሪክ ላውጋችሁ። ከነገሥታትና ከጦርነት ታሪክ ያነሰ እንዳይመስላችሁ። የሀዲያንና የከምባታን ያለፉ 70 ዓመታት በምግብ ፍላጎት በኩልም ማንበብ ይቻላል።

መነሻው ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው። ቀኑን ሙሉ ሲቆፍር ወይም እንጨት ሲፈልጥ የዋለ ሰው ቤት ገብቶ ምግብ ሲቀርብለት "ቆይ፣ መጀመሪያ ውሃ ስጡኝ" ይላል። ሁለት ጉርሻ ቀምሶ ይተወዋል። "ድካሙ ምግብ ዘጋኝ" ይላል። በማግስቱ ወይም በሠልስቱ ግን፣ እረፍት ላይ እያለ፣ ያገኘውን ሁሉ ይጠርገዋል። የቤት ሰውም "ስትሠራ አልበላህ፣ ተቀምጠህ ትበላለህ!" ብሎ ይስቅበታል። ሰውየው ግን ሆዳም አልሆነም። ሰውነት ሒሳቡን የሚያወራርደው ዘግይቶ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ። ቀድሞ በኢንዶኔዢያ ስኳር ያመርት የነበረው ኤች ቪ ኤ የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተዋውሎ፣ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 1954) ሥራ ጀመረ። ፋብሪካ ሲቆም አገዳ ቆራጭ ይፈለጋል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ለወንጂ፣ በኋላም ለመተሐራ፣ ብዙውን ጉልበት ያቀረበው ያኔ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር የነበረው፣ ዋና ከተማው ሆሳዕና የሆነው የከምባታና ሀዲያ አውራጃ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ፣ ግብሩ ደግሞ የሚከፈለው በጥሬ ገንዘብ። ጎረምሳው ስንቁን ቋጥሮ ይወርዳል።

"ይወርዳል" ያልኩት በምክንያት ነው። ሆሳዕና ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወንጂ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ብርድ ለምዶ፣ ቆጮ በልቶ ያደገ ልጅ በሙቀት ሜዳ ላይ ጎንበስ ብሎ አገዳ ከሥሩ ይመታል፤ ጫፉን ይቆርጣል፤ ይከምራል፤ ቀና ሳይል ወደሚቀጥለው ያልፋል። ታዲያ ይህ ልጅ ማታ እንዴት ይበላል?

ጠንካራ ሥራ ላይ ያለ ሰው ደሙ ወደ ጡንቻና ሙቀት ለማስወጣት ወደ ቆዳው ይሄዳል። የጨጓራና የአንጀት ድርሻ በጣም ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1999 የጃፓን ተመራማሪዎች ያገኙት፣ ከጨጓራ እየመነጨ "ርቦኛል" የሚያሰኝ ግሬሊን የሚባል ሆርሞን አለ። በብርቱ ሥራ ጊዜ መጠኑ ይወርዳል፤ "ጠግቤያለሁ" የሚያሰኙት ሆርሞኖች ደግሞ ይጨምራሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ብርቱ ሩጫ በደም ውስጥ ላክፌ የሚባል ንጥረ ነገር እንደሚያበዛ ታወቀ፤ በሰውም፣ በእሽቅድምድም ፈረስም ታይቷል። ለወፈሩ አይጦች ሲሰጣቸው የሚበሉት ለሰዓታት ቀንሷል። ሥራው ካበቃ በኋላ የሰው ፍላጎት ብዙውን ጊዜ በአንድ ሰዓት አካባቢ መመለስ ይጀምራል። ሙቀት ሲጨመርበት ግን መዘጋቱ ይብሳል፤ ብርድ ተቃራኒውን ያደርጋል። ስለዚህ ከደጋ ወርዶ ወንጂ የገባ ልጅ ምግብ የሚዘጋበት በሁለት በኩል ነበር፣ በድካሙም በሙቀቱም።

የሚገርመው፣ የእኛ ሰዎች ወንጂ መውረድ በጀመሩባቸው በነዚያው ዓመታት የውጭ ሳይንቲስቶች ይህንኑ ጥያቄ ይለኩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 በብሪታንያ ኤድሆልምና ባልደረቦቹ የ12 ዕጩ መኮንኖችን ሥራና ምግብ ለሁለት ሳምንት መዘገቡ። አንድ ሰው በአንድ ቀን ያወጣው ጉልበትና በዚያው ቀን የበላው አልተገናኙም። የተገናኘው ከሁለት ቀን በኋላ የበላው ነው! በኋላ የመጡ ጥናቶች በቀኑ ቁጥር ባይስማሙም፣ ማካካሻው እንደሚዘገይና ብዙ ጊዜም ሙሉ እንዳልሆነ አሳይተዋል።

በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1956፣ ዣን ማየርና ጓደኞቹ በሕንድ ምዕራብ ቤንጋል የ213 የጁት ፋብሪካ ሠራተኞችን ጥናት አሳተሙ። ከቀላል እስከ ከባድ ሥራ ድረስ፣ ሥራው ሲጨምር ምግቡም ጨመረ። ቁጭ ብለው የሚውሉት ግን ትንሽ በመብላት ፈንታ የከባድ ሠራተኞቹን ያህል ይበሉ ነበር። ክብደታቸውም ከፍ ያለ ነበር። ይቺን ያዟት፤ እመለስባታለሁ።

የአገራችን ሰው ያለ ላቦራቶሪም መላ ነበረው። በደቡብ ኢትዮጵያ ቦርዴ ከእህል የሚሠራ፣ ወፈር ያለ፣ አልኮሉ አነስ ያለ መጠጥ ነው። ሠራተኛ ሰው እንደ ምግብ ይጠጣዋል። አስቡት፤ ምግብ የተዘጋበት ሰው ማኘክ አይፈልግም፤ መጠጣት ግን ይችላል። ውሃውንም ጉልበቱንም በአንድ ዋንጫ ያገኛል።

የሚረሳው የእናቶች ድካም ነው። እንሰት መፋቅ ቀላል ሥራ አይደለም። ግንዱን በቀርከሃ መፋቂያ መፋቅ፣ አምቾውን መክተፍ፣ ጉድጓድ ውስጥ መቅበር፣ ሁሉም በሴቶች ጉልበት ነው። ከዚያ ላይ ማብሰልና ማቅረብ አለ። ሴትየዋ ምግቡ ሲቀርብ "እኔ አላሰኘኝም፣ እናንተ ብሉ" ትላለች። እውነቷን ነው፤ በዚያች ሰዓት አላሰኛትም። ርሃቧ ሲመጣ ግን ሳህኑ ባዶ ነው። ደግነት የሚመስለን ነገር ሲደጋገም እናት ጎድሎባት ትኖራለች። "አልበላም" ያለችውን ሰምቶ መተው ሳይሆን ድርሻዋን ከድኖ ማስቀመጥ ነው የሚገባው።

አሁን ወደ ማየር። ካለፉት 20 ዓመታት ወዲህ ከሆሳዕናና ከአካባቢው እጅግ ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዷል። ገና ሲደርስ ዕቃ ተሸክሞ እየዞረ ይሸጣል። ቀን ሲወጣለት ሱቅ ይከፍትና ከጠዋት እስከ ማታ ከባንኮኒ ጀርባ ይቀመጣል። አያቱ አገዳ ሲቆርጥ ይበላው የነበረውን ያህል እሱ ተቀምጦ ይበላል። እዚህም ቢሮ ገብተን፣ በባጃጅ እየተመላለስን የምንውል ብዙዎች ነን። ሥራው ሲቀንስ ፍላጎታችን በራሱ የሚቀንስ ይመስለናል፤ አይቀንስም። ስኳርና ደም ግፊት ቤታችን የሚገቡት በዚህ በር ጭምር ነው።

እንግዲህ ሁለት ነገር ልበል። ኳስ ለምትጫወቱ፣ ለምትሮጡና የቀን ሥራ ለምትሠሩ፦ ከሥራ በኋላ አለመራብ መጥገብ አይደለም። መጀመሪያ ጠጡ፤ ሾርባም አጥሚትም ይሁን ቀለል ያለ ነገር ቅመሱ፤ ፍላጎት ሲመለስ በደንብ ብሉ። በማግስቱ ብትራቡ አትፈሩ፤ የትናንቱ ዕዳ ነው። ተቀምጣችሁ ለምትውሉ ደግሞ፦ ሆዳችሁ "በቃ" እስኪላችሁ አትጠብቁ። ቁጭ ላለ ሰው ቶሎ አይናገርም። ተነሱና በእግር ሂዱ።

አያታችሁ ወይም አባታችሁ ወንጂ ወይም መተሐራ የሠሩ ካላችሁ ምን ይበሉ እንደነበር ጠይቋቸው። የነገሯችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉልን። እነሱ ሳያልፉ ይመዝገብ።