ማን ቀሰቀሰው?

ኮምፒዩተር ሲባል ብዙዎቻችን ሁሉን ዐዋቂ አድርገን እናየዋለን። እስቲ ልብ እንበል፤ መብራት ሲለቀቅለት እኮ ምንም የማያውቅ ዕቃ ነው! ሥራውን የሚመራለት ፕሮግራም ዲስክ ላይ ተኝቷል። ከዲስክ አንብቦ ለማውጣት ደግሞ ሌላ ፕሮግራም ያስፈልገዋል። ታዲያ ያንን የመጀመሪያውን ማን ያንብብለት? ጥያቄያችን ይኸው ነው፤ ጥያቄው ግን የማሽን ብቻ አይደለም።

ታሪኩን ከእንግሊዝ አገር፣ ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ እንጀምር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እዚያ የተሠራው ኤድሳክ የመጀመሪያ ፕሮግራሙን ያካሄደው በ1949 ነበር። መነሻውን ያዘጋጀለት እንደኛው ተማሪ የነበረው ዴቪድ ዊለር ነው፤ 31 ትእዛዞች ብቻ፣ በስልክ መቀያየሪያ መሣሪያ ላይ በሽቦ የታሠሩ። የሌላውን ሁሉ ፕሮግራም የምታስገባው ይህች ትንሽ ፕሮግራም ነበረች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ይህ ነው።

በ1975 ለገበያ የወጣው አልቴር 8800 ግን መነሻ አልተቀመጠለትም። ባለቤቱ ከፊቱ የተደረደሩትን ማብሪያ ማጥፊያዎች ከፍ ዝቅ እያደረገ ትእዛዙን አንድ በአንድ ያስገባ ነበር። መብራት ከጠፋስ? እንደገና ከሀ! አድካሚ ነው። ሆኖም ያ ሰው ማሽኑን ማን እንደቀሰቀሰው ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ ራሱ ነዋ!

በ1981 የአይ.ቢ.ኤም. የግል ኮምፒዩተር ወጣ፤ አምሳያዎቹም ተከተሉት። ድካሙ ቀረ። ቺፕ ውስጥ የተቀመጠች ፕሮግራም የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት ታነባለች። በኤም.ኤስ. ዶስ ዲስክ ላይ እነዚያ ባይቶች አይ.ኦ.ሲስ የተባለውን ፋይል ይጠራሉ፤ እሱ ኤም.ኤስ.ዶስ.ሲስን ይቀሰቅሳል፤ በመጨረሻ ኮማንድ.ኮም ብቅ ብሎ ትእዛዛችንን ይጠብቃል። የፋይሎቹን ዝርዝር ብንጠይቅ ግን ሁለቱ ቀዳሚዎች አይታዩም። ሳናውቅ እንዳንሰርዛቸው ተደብቀዋል።

ከእኛ የተደበቀውን ሌባ አላጣውም። በ1986 ከፓኪስታን ከተማ ከላሆር የተነሣው ብሬይን የተባለው ቫይረስ ሰተት ብሎ የገባው ዲስኩ መነሻ ላይ ነው። በ1992 ዓለምን ያስደነገጠው ሚኬላንጄሎም እንዲሁ። ብልሃቱ ግልጽ ነው፤ ቀድሞ የነቃ፣ ኋላ የሚነቃውን ሁሉ ያዛል!

አጥርም ታጠረ። በ2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር ሴኪዩር ቡት የተባለው አሠራር ተስፋፋ፤ ማሽኑ ፊርማው ያልተረጋገጠለትን መነሻ ፕሮግራም አልቀበልም ይላል። ደግ አጥር ነው። ነገር ግን በአብዛኞቹ ማሽኖች ላይ የተቀመጠው የማረጋገጫ ቁልፍ የማይክሮሶፍት በመሆኑ፣ የሊኑክስ ሰዎች እንኳ መነሻቸውን ለማስፈረም ወደዚያው ደጅ ሄዱ። በብዙ ማሽኖች ላይ አሠራሩን ማጥፋት ይቻላል፤ የሚያውቅ ከተገኘ።

እንግዲህ ከእጅ ወደ ቺፕ፣ ከቺፕ ወደ ሌላ ሰው ቁልፍ ደርሰናል። ድካማችን በቀነሰ ቁጥር ዕውቀታችንም አብሮ ቀነሰ። ወደ ማብሪያ ማጥፊያው እንመለስ አንልም፤ ማን ጊዜ አለው? የምንለው አንድ ነገር ነው፤ ማሽኑን በከፈትን ቁጥር ማን ቀሰቀሰው ብለን እንጠይቅ። መነሻውን የማያውቅ ሰው መድረሻውን ሌላ ይመርጥለታል።