ከነጋሪት እስከ እጅ ስልክ፦ በኮዬ ፈጬ የመፈለግና የመገኘት ታሪክ



የዛሬው ንግግር በንግድ ሥራ ትምህርት ክፍል ቢቀርብ ይሻል ነበር የምትሉ ትኖራላችሁ። ድረ ገጽ በፍለጋ ሞተር ውጤት ላይ እንዴት ከፍ ብሎ እንደሚታይ፣ ነጋዴ በእጅ ስልክ ደንበኛውን እንዴት እንደሚደርስበት የሚያስተምሩን ዘወትር የገበያ ባለሙያዎች ናቸው። እኔ ግን ነገሩን የታሪክ ጥያቄ አድርጌ አየዋለሁ፤ ሻጭ የት እንዳለ ገዢ በምን ያውቃል የሚለው ጥያቄ ከኢንተርኔት በብዙ ይቀድማልና። እያንዳንዱ ዘመን ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ ማን እንደሚታይ፣ ማንስ ተሰውሮ እንደሚቀር ሲወስን ኖሯል። ማሳያዬ በከተማችን ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኘው ኮዬ ፈጬ ነው።

ከሩቁ ልጀምር። ዐዋጅ በነጋሪት በሚለፈፍበት ዘመን ለፋፊው የሚመርጠው የገበያ ቀንን ነበር፤ ገበያው ራሱ አድራሻ ነውና። ቀኑን የሚያውቅ ሰው ቦታውንም፣ የሚሸጠውንም አብሮ ያውቃል። አዲስ አበባ ስታድግ ሰፈሮቿ በመኳንንት ስም፣ በአጥቢያ ታቦት፣ በድልድይና በወንዝ ተጠሩ። ቆይቶ ደግሞ ድርጅቶች ለሰፈር ስም መስጠት ጀመሩ፤ ቄራ፣ ጎተራ፣ ኮካ የሚሉት ስሞች ከዚያ የመጡ ናቸው። የታክሲ ረዳት እነዚህን ስሞች በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጣራ አስቡት። ለአንድ ድርጅት ከዚህ የሚበልጥ ማስታወቂያ ያለ አይመስለኝም፤ ክፍያም አይጠየቅበትም።

ዘመናዊ አድራሻ በአንጻሩ እምብዛም ሥር አልሰደደም። የፖስታ አገልግሎት በ1886 ዓ.ም. ቢጀመርም ደብዳቤ ቤት ለቤት የማደል ልማድ ስላልተተከለ፣ ፖ.ሣ.ቁ. የሚለው አጽሕሮተ ቃል የጎዳናና የቤት ቁጥርን ተክቶ ኖረ። የስልክ ማውጫውም የራሱ ጠባይ ነበረው። የቤተሰብ ስም የሌለን በመሆናችን ተመዝጋቢው የሚፈለገው በራሱ ስም፣ ቀጥሎም በአባቱ ስም ነው፤ ስለዚህ አንድን ተሰማ ለማግኘት ብዙ ተሰማዎችን በጣት እየተከተሉ መውረድ ግድ ነበር።

ከፍለጋ ታሪካችን ሁሉ ለዛሬው ጉዳይ የሚቀርበው ግን መዝገበ ቃላት ነው። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ወይም በ1962 ዓ.ም. የታተመውን የደስታ ተክለ ወልድን የዐማርኛ መዝገበ ቃላት የከፈተ ተማሪ መጀመሪያ የሚገጥመው ችግር ቃሉ የት እንዳለ ማወቅ ነው። ሁለቱም በአበገደ ተራ የተዘጋጁ ናቸው። ፈላጊው የቃሉን ሥር ማውጣት፣ በየትኛው ሀ፣ በየትኛው ሰ እንደሚጻፍም መለየት አለበት። ሊቃውንቱ ይህን የሚጠይቁት አንባቢን ለማስቸገር አልነበረም፤ የቃሉ ትውልድ በፊደሉ ውስጥ አለ ብለው ያምኑ ነበር። ማሽን ግን የተጻፈለትን ምልክት እንጂ ትውልድ አያውቅም። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ እንዲሁም ሰ እና ሠ በንግግር አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። በዚያ ላይ ዐማርኛ ቅድመና ድኅረ ቅጥያውን ከቃሉ ጋር አጣብቆ ይጽፋል። «ወፍጮ»፣ «የወፍጮ»፣ «ከወፍጮው» ለእኛ አንድ ነገር ናቸው፤ ቅጥያ መለየት ላልተማረ ፕሮግራም ግን ሦስት ባዕዳን ናቸው።

ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም.፣ የእጅ ስልክ ደግሞ በ1991 ዓ.ም. ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ መለያ ውስጥ የገባውም በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነበር። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ የዐማርኛ ጽሑፍ በየድርጅቱ በተሠሩ የማይግባቡ የፊደል ቅርጾች ሲጻፍ ቆየ። ገጹ ለዓይን ዐማርኛ ይመስላል፤ ከሥሩ ያለው ግን ትርጉም አልባ የላቲን ሆሄያት ድርድር ነበር። ማስታወቂያውን በፎቶግራፍ መልክ የሚለጥፈውም ብዙ ነው። በእኔ ግምት የመጀመሪያዎቹ የዐማርኛ ድረ ገጾች በፍለጋ እንዳይገኙ ያደረጋቸው ከይዘት ድህነት ይልቅ ይህ ነው። ፎቶ የመለጠፉ ልማድ ዛሬም አለቀቀንም።

ወደ ኮዬ ፈጬ እንምጣ። ቤቶቹ ሳይሠሩ አካባቢው የእርሻ መሬት ነበር፤ ስሙም ከኦሮሞ ነዋሪዎቹ የተወረሰ ነው። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. በከተማው ከ51,000 በላይ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ ኮዬ ፈጬ አንዱ ሳይት ነበረ፤ ወዲያውም በኦሮሚያ ከተሞች ተቃውሞ ተነሣ። የወሰኑን ጉዳይ ዛሬ አልመረምርም፤ ነገር ግን ክርክሩ በአንድ የምድር ቤት ሱቅ አድራሻ ላይ እንኳ ጥላውን አጥልቷል። አንዱ ነጋዴ አዲስ አበባ፣ ሌላው አቃቂ ቃሊቲ፣ ሦስተኛው ሸገር ብሎ ይጽፋል።

ስሙ ራሱ ሲጻፍ ብዙ መልክ አለው። በቁቤ አጻጻፍ የጨ ድምፅ የሚወከለው በአንዲት የላቲን ሆሄ ነው፤ በእንግሊዝኛ ልማድ የሚጽፍ ሰው ግን ሁለት ሆሄ ይጠቀማል፤ ጥብቀትና ርዝመትም አንዱ ያሳያል፣ ሌላው ይተወዋል። በግዕዝ ፊደልም «ኮየ»፣ «ቆዬ»፣ «ፈጨ» የሚሉ አሉ። «ቆየ ፈጨ» ብሎ የጻፈ ሰው ሳያውቀው ዘግይቶ ስለፈጨ ባለ ወፍጮ አውርቷል፤ የፍለጋ ሞተሩ የእህል ወፍጮ ቢያመጣለት ሊፈርድበት አይገባም።

ጉግል በአካባቢ ፍለጋ ውጤት የሚያስቀድመው በሦስት መለኪያ እንደሆነ ራሱ ይናገራል፦ ተዛማጅነት፣ ርቀትና ታዋቂነት። የሱቁ ስም በሰሌዳው ላይ አንድ፣ በካርታው ላይ ሌላ፣ በማኅበራዊ ገጹ ሦስተኛ ከሆነ መረጃው የአንድ ሱቅ መሆኑን ማሽኑ በምን ያውቃል? ማረጋገጫውም የራሱ ታሪክ አለው። ለብዙ ዓመታት የተለመደው መንገድ ምስጢራዊ ቁጥር የያዘ ፖስታ ካርድ ወደ ድርጅቱ ደጃፍ መላክ ነበር፤ የፖስታ ሣጥን ቁጥር እንደ አድራሻ አይቆጠርም። ደብዳቤ ቤት ለቤት በማይታደልበት አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው። የ1886ቱ የፖስታ ታሪካችን በካሊፎርኒያ ከተነደፈ ደንብ ጋር የተጋጨው እዚህ ላይ ነው። ዛሬ በስልክና በቪዲዮ ማረጋገጥ በመቻሉ ችግሩ ቀልሏል።

ሁለተኛው ለውጥ ከመሣሪያው የመጣ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 21 ቀን 2015 ጀምሮ በስልክ ለሚፈልግ ሰው ለስልክ የሚመቹ ገጾችን ማስቀደም ጀመረ፤ በቀጣዩ ዓመትም ገጾችን የሚመዝነው በዋናነት በስልክ መልካቸው እንደሚሆን አስታወቀ። ምዕራባውያን ነጋዴዎች ለኮምፒውተር የሠሩትን ገጽ ማፍረስና መልሶ መሥራት ነበረባቸው። የእኛ ነጋዴ አብዛኛው የሚያፈርሰው ገጽ አልነበረውም፤ በቀጥታ ከሰሌዳ ወደ ስልክ ተሻገረ። ይህን እንደ ዕድል የሚቆጥሩት አሉ፤ እኔ በከፊል ብቻ እስማማለሁ። የተሻገረው ወደ ራሱ ገጽ ሳይሆን ወደ ቴሌግራም ቻናልና ቡድን ነውና። ለዚህም በቂ ምክንያት ነበረው፦ የዳታ ዋጋ፣ የአጠቃቀሙ ቅለት፣ ማስታወቂያም ሆነ የድረ ገጽ ማስቀመጫ ለመግዛት የውጭ ምንዛሪ ካርድ ማስፈለጉ። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር ስላለ ክፍያውም በዚያው ስልክ ይፈጸማል። ሆኖም በቡድን ውስጥ የተጻፈው በአብዛኛው ለፍለጋ ሞተር አይታይም፤ አባል ያልሆነ ደንበኛ ሱቁ መኖሩን አያውቅም። ዲጂታሉ ገበያ በዚህ ረገድ ወደ ነጋሪት ዘመን ተመልሷል፤ የሚሰማው በዕለቱ የተገኘው ብቻ ነው።

በአንድ መስመር ላይ መንጠልጠልም ዋጋ አለው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል ሲቋረጥ ደንበኛው ሁሉ በስልኩ የነበረ ነጋዴ ደጁ ተዘጋ፤ በአስፋልት ዳር ሰሌዳ የሰቀለው ግን እየሸጠ ነበር።

እኔን እንደ ታሪክ ሰው ይበልጥ የሚያሳስበኝ ምንጩ ነው። የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን የቤት ኪራይ፣ የሸቀጥ ዋጋና የነጋዴ ስም ከምናገኝባቸው ምንጮች አንዱ በወመዘክር የተቀመጠው የአዲስ ዘመን ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያውን ያወጣው ሰው ለታሪክ አስቦ አልነበረም፤ ወረቀቱ ግን ቆየ። የታተመ ነገር ቅጂው ለቤተ መጻሕፍቱ እንዲገባ ሕግ ያዛል፤ ለቴሌግራም ልጥፍ ግን ይህን የሚያደርግ ተቋም የለንም። ነዋሪዎች ወደ ኮዬ ፈጬ ሲገቡ ውኃ በስንት ይሸጥ እንደነበር፣ በርና መስኮት ማን ይገጥም እንደነበር፣ የመጀመሪያው ዳቦ ቤት በየትኛው ብሎክ እንደተከፈተ የሚመሰክሩት ልጥፎች ባለቤቱ ስልክ ሲቀይር ወይም ቻናሉን ሲዘጋ ይጠፋሉ።

ስለዚህ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለምትፈልጉ ተማሪዎች አንድ ሥራ አቀርባለሁ። በአንድ የኮዬ ፈጬ ሳይት የሚገኙትን የምድር ቤት ሱቆች በተራ እየዞራችሁ፣ በሰሌዳቸው ላይ የተጻፈውን ስም ከነፊደሉ፣ በካርታ ላይ የተመዘገበውን፣ በቻናላቸው ላይ ያለውን በሦስት ዓምድ መዝግቡ፤ ባለቤቶቹንም አስፈቅዳችሁ የቆዩ ልጥፎቻቸውን ከነቀናቸው ገልብጣችሁ አስቀምጡ። የሰሌዳዎቹ ቀለም በፀሐይ እየነጣ ነውና ከመጪው ክረምት በፊት ብትጀምሩ ይሻላል።